የኢቅባል «እኔነት» እና የዘመናችን ስነ ልቦና

ስለ ባለቅኔው ፈላስፋ ሙሐመድ ኢቅባል በሚጻፉ ድርሰቶች ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣ አንድ ውዳሴ አለ፤ ኢቅባል በ1915 ስለ ሰው «እኔነት» የተናገረውን ስነ ልቦና የደረሰበት ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ ነው የሚል (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ውዳሴው ለባለቅኔውም ለሳይንሱም አይበጅም። ባለቅኔውን ያላነበበውን የሚያውቅ ትንቢተኛ፣ ሳይንሱን ደግሞ ዘግይቶ የነቃ ተማሪ ያደርጋቸዋል። ታሪኩ በቅደም ተከተል ሲታይ መመሳሰሉ እውነት ሆኖ ይገኛል፤ ምክንያቱ ግን ዝምድና ነው። ኢቅባልም ሆነ ዛሬ እኔነትን የሚያጠናው የስነ ልቦና ዘርፍ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ከተቀሰቀሰ አንድ ክርክር የተቀዱ ናቸው። ሁለቱም፣ በተለያየ መንገድ ተጉዘው፣ «እኔ» የሚባለው በሥራ የሚገነባ እንጂ ተሠርቶ የተቀመጠ ነገር አይደለም ወደሚል ድምዳሜ ደርሰዋል። የሚለያዩት ግንባታው ለምን ዓላማና በምን አቅም ይካሄዳል በሚለው ላይ ነው። ለዛሬ አንባቢ የሚጠቅመው ትምህርትም ያለው በዚህ ልዩነት ውስጥ ነው።

አስቀድሞ ሐሳቡ የበቀለበትን አፈር ማየት ያስፈልጋል። ኢቅባል በ1877 በፑንጃብ፣ በሲያልኮት ከተማ ተወለደ። አባቱ ሼኽ ኑር ሙሐመድ ልብስ እየሰፉ የሚተዳደሩ፣ ለሱፊዎች፣ ማለትም ለሙስሊም መናንያን፣ መንገድ የቀረቡ ሃይማኖተኛ ነበሩ። እንግሊዞች ፑንጃብን በ1849 ጠቅልለው ከያዙ ሠላሳ ዓመት አልሞላም፤ የመጨረሻው የሙጋል ንጉሠ ነገሥት ከዴልሂ ወደ ራንጉን ከተጋዙም ገና ሃያ ዓመት ገደማ ነበር። የሕንድ ሙስሊሞች ሥልጣናቸውን ተነጥቀው፣ የገዢውን ትምህርት እንቀበል ወይስ እንራቅ እያሉ ይከራከሩ ነበር። ኢቅባል ሁለቱንም ቀመሰ። በሲያልኮት ሊቁ ሚር ሐሰን ዐረብኛና ፋርስኛ አስተማሩት፤ በላሆር የመንግሥት ኮሌጅ ደግሞ ከእንግሊዛዊው ቶማስ አርኖልድ ፍልስፍና ተማረ፤ በ1899ም በፍልስፍና ሁለተኛ ዲግሪውን ያዘ።

በዚያ ማኅበረሰብ «እኔ» ማለት በበጎ አይታይም ነበር። ከትውልድ ትውልድ የተላለፈው የሱፊዎች ሥርዓት ሙሪዱ (ደቀ መዝሙሩ) የፈጣሪን ስም ደጋግሞ በማውሳት (በዝክር)፣ በጾምና ለሼኹ በመታዘዝ ነፍሱን እየገራ፣ በመጨረሻ «ፈና» ወደሚባለው፣ እኔነት በፈጣሪ ፊት ወደሚከስምበት ደረጃ እንዲደርስ ያስተምራል። የፋርስ ባለቅኔዎች ይህን ወደ ባሕር የምትመለስ ጠብታ አድርገው ለዘመናት ሲስሉት ኖረዋል። ሥርዓቱ አንድ ወጥ ነበር ማለት ግን ስሕተት ነው። በ1624 ያረፉት የሕንዱ ሼኽ አሕመድ ሲርሂንዲ፣ ሰው ከፈጣሪው ጋር አንድ ሆኖ ይጠፋል የሚለውን ትምህርት ከሱፊዎቹ ጉባኤ ውስጥ ሆነው ሞግተዋል። ስለዚህ ኢቅባል በኋላ ላይ የተነሣበት ክርክር ከአውሮፓ ተጭኖ የመጣ ዕቃ አልነበረም፤ በቤቱ ውስጥ የቆየ ጉዳይ ነው። አዲሱ ነገር ክርክሩን የገጠመበት መሣሪያ ነው።

መሣሪያውን ያገኘው ከ1905 እስከ 1908 በአውሮፓ በቆየበት ጊዜ ነው። በካምብሪጅ ትሪኒቲ ኮሌጅ ሁለት ትልልቅ መምህራን ነበሩ። አንደኛው ማክታጋርት በፈጣሪ የማያምን፣ ሆኖም ዓለም በመሠረቷ የእኔዎች ማኅበር ናት ብሎ የሚያስተምር ፈላስፋ ነው። ሁለተኛው ጄምስ ዋርድ ሲሆን፣ በ1886 ለኢንሳይክሎፒዲያ ብሪታኒካ በጻፈው ረጅም የስነ ልቦና መጣጥፍ የእንግሊዝን አስተሳሰብ የለወጠ ሰው ነው። ከዋርድ በፊት የነበሩት የእንግሊዝ ሊቃውንት አእምሮን ስሜቶችና ምስሎች እርስ በርስ እየተያያዙ የሚከማቹበት ስፍራ አድርገው ያዩት ነበር። ዋርድ ግን ከእያንዳንዱ ስሜት ጀርባ የሚያተኩር፣ የሚመርጥና የሚሻ አንድ ባለቤት አለ አለ። ኢቅባል በዚሁ ቆይታው የጥብቅና ትምህርቱን ለንደን ላይ ጨረሰ፤ ከሙኒክ ዩኒቨርሲቲም ስለ ፋርስ ፍልስፍና እድገት በጻፈው ጥናት የዶክትሬት ማዕረግ አገኘ። ወደ ላሆር ሲመለስ መተዳደሪያው ጥብቅና ነበር፤ ቅኔው ግን አቅጣጫውን ለውጧል።

በ1915 «የእኔነት ምሥጢሮች» የተሰኘውን ረጅም ግጥሙን በፋርስኛ አሳተመ። ቋንቋውን የመረጠው ድምፁ ከሕንድ አልፎ እንዲሰማ ነው፤ የግጥሙን ቅርጽ የወሰደው ከሱፊው የፋርስኛ ባለቅኔ ከጀላሉዲን ሩሚ ነው፤ ሩሚም በመቅድሙ መሪ ሆኖ ይቀርባል። ትምህርቱ ግን የተለመደውን ገለበጠው። የሕይወት ሁሉ ሥር እኔነት ነው፤ እኔነት በምኞትና በዓላማ ይጸናል፤ በፍቅር ይበረታል፤ በልመና ይመነምናል። ለእርሱ ልመና ማለት እጅን ለምጽዋት መዘርጋት ብቻ አይደለም፤ ያልደከሙበትን ሁሉ፣ የሌላውን ሐሳብ ሳይቀር፣ ወስዶ የራስ ማስመሰልን ይጨምራል። ለእኔነት ሦስት የሥልጠና ደረጃዎች አስቀመጠ፤ ሕግን መታዘዝ፣ ራስን መግዛት፣ በመጨረሻም በምድር ላይ የፈጣሪ እንደራሴ መሆን። ከሰልና አልማዝ የሚነጋገሩበት ምሳሌ የትምህርቱ እምብርት ነው። ሁለቱ ከአንድ ነገር የተሠሩ ናቸው፤ የሚለያቸው በጫና ጠንክሮ መውጣትና አለመውጣት ነው።

መጽሐፉ ብዙ ሰዎችን አስቆጣ። በተለይ ኢቅባል ታላቁን የፋርስ ባለቅኔ ሐፊዝን የሚያደነዝዝ ቅኔ ያመጣ ሰው አድርጎ በመንቀፉ፣ እንደ ኽዋጃ ሐሰን ኒዛሚ ያሉ የሱፊ መሪዎች በጽሑፍ ተነሡበት። በሁለተኛው እትም እነዚያን ስንኞች አወጣቸው። ተቃዋሚዎቹ ፍጹም ተሳስተዋል ማለት አይቻልም፤ ፈና ብዙዎቹ ሊቃውንት በሚረዱት መንገድ ትዕቢትን ማጥፋት እንጂ ሰውን ማጥፋት አይደለምና። ኢቅባል ራሱ ውሎ አድሮ ነገሩን አጥርቶታል። በ922 በባግዳድ የተገደለውን ሱፊ አል-ሐላጅን መጀመሪያ ላይ ራሱን በፈጣሪ ውስጥ እንዳጠፋ ሰው ይመለከተው ነበር፤ በኋላ ባቀረባቸው ንግግሮች ግን የአል-ሐላጅ «እኔ እውነት ነኝ» የሚለው ዝነኛ ጩኸት የሰው እኔነት ከፈጣሪ ጋር ተገናኝቶም እንደማይፈርስ የሚመሰክር ነው ሲል ተረጎመው። የለወጠው ፍርዱን ነው፤ እኔነት እውነተኛና ዘላቂ ሊሆን ይችላል የሚለውን መነሻውን አለቀቀም።

አሁን ስነ ልቦና በዚያው ዘመን የት እንደ ነበረ እንመልከት። ዊልሄልም ቩንት ላይፕሲግ ላይ የመጀመሪያውን ቤተ ሙከራ የከፈተው በ1879፣ ኢቅባል የሁለት ዓመት ሕፃን ሳለ ነው። በ1890 አሜሪካዊው ዊልያም ጄምስ ትልቁን የስነ ልቦና መጽሐፉን አሳተመ፤ በዚያም የሚያውቀውን «እኔ» ከሚታወቀው «እኔ» ለየ፤ ኅሊናንም ያለ ማቋረጥ እንደሚፈስ ወንዝ አድርጎ ገለጸው። ለጄምስ እያንዳንዷ አላፊ ሐሳብ ያለፈችውን የራሷ አድርጋ ትወርሳለች፤ ከዚህ ውርርስ በስተጀርባ ሌላ ነፍስ መፈለግ ለስነ ልቦና አስፈላጊ አይደለም። በ1930 ላሆር ላይ በታተሙት የኢቅባል ንግግሮች ውስጥ ስለ ሰው እኔነት የሚናገረው አራተኛው ከዚህ ሐሳብ ጋር ፊት ለፊት ይሟገታል። ኢቅባል በአንድ በኩል እንደ አል-ጋዛሊ ያሉት የጥንት ሊቃውንት የያዙትን፣ ነፍስ ከስሜቶቿ የተለየች የማትለወጥ ነገር ናት የሚለውን ትምህርት አይቀበልም፤ እንዲህ ያለ ነገር የሰውን ኑሮ አያስረዳምና። በሌላ በኩል የጄምስ አላፊ ሐሳቦች እርስ በርሳቸው መወራረስ እንዴት እንደሚችሉ ይጠይቃል፤ የሄደውና የመጣው ካልተገናኙ አስረካቢና ተረካቢ የለም። መፍትሔው እኔነትን ከነገር ወገን አውጥቶ ከድርጊት ወገን ማድረግ ነው። ሰውን የምናውቀው በሚፈርደው፣ በሚፈቅደውና በሚያልመው ነው፤ «እኔ» የእነዚህ ሁሉ መሪ ኃይል ነው። ይህን የጻፈ ሰው የስነ ልቦና ክርክር ተካፋይ ነው። በዚያው መጽሐፍ የጀርመኑን የጌሽታልት ስነ ልቦና በተስፋ ያነሣል፤ ፍሮይድንም ይሞግታል።

የዝምድናው ነገር ከዚህ በኋላ ግልጽ ይሆናል። በ1913 ጆን ዋትሰን ስነ ልቦና የሚታይ ባሕርይን ብቻ ያጥና ብሎ አወጀ፤ «እኔ» የሚባለው ነገር ከብዙ የአሜሪካ ቤተ ሙከራዎች ለአሥርት ዓመታት ተባረረ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ በስነ ልቦና ሊቃውንቱ በማስሎ፣ በሮጀርስ፣ በኤሪክሰንና በባንዱራ በኩል ሲመለስ፣ የተመለሰው በአብዛኛው ወደ ጄምስ ጥያቄ ነው። ኢቅባልም ከዚያው ጥያቄ ጋር ላሆር ላይ ሲታገል ነበር። የአንድ አያት ልጆች ቢመሳሰሉ አንዱ የሌላውን መልክ ተንብዮአል አይባልም። የሚያስገርመው ነገር ሌላ ነው፤ ከቅኝ ተገዢ አገር የተነሣ ባለቅኔ፣ ፈላጊ ባልነበረበት ዘመን ጥያቄውን ሕያው አድርጎ መያዙ ነው።

መመሳሰሉ የት ላይ እንደሚጸና ለማየት ለራስ የሚሰጥ ግምትን እንውሰድ። በ1965 ሞሪስ ሮዘንበርግ ሰው ራሱን ምን ያህል እንደሚያከብር የሚለካ አሥር ጥያቄዎች ያሉት መለኪያ አወጣ። በ1986 የካሊፎርኒያ መንግሥት ጉዳዩን የሚከታተል ግብረ ኃይል እስከ ማቋቋም ደረሰ፤ ሰዎች ራሳቸውን ከፍ አድርገው ቢያዩ ወንጀልም፣ ሱስም፣ የትምህርት ድክመትም ይቀንሳል የሚል ተስፋ ነበር። በ2003 ሮይ ባውማይስተርና ባልደረቦቹ የተከማቸውን ጥናት ሲመረምሩ ግን፣ ለራስ ከፍ ያለ ግምት መስጠት ከደስታ ጋር የሚሄድ ቢሆንም ብቻውን የተሻለ የትምህርት ውጤት እንደማያመጣ አሳዩ፤ እንዲያውም አብዛኛውን ጊዜ ስኬቱ ቀድሞ ግምቱ ይከተላል። አልበርት ባንዱራም በ1977 በችሎታ ላይ የሚኖር እምነት ዋና ምንጩ ሰው ራሱ ሠርቶ የተወጣው ነገር መሆኑን አስረድቶ ነበር። ያልተደከመበት ሀብት እኔነትን ያላላል ከሚለው ባለቅኔ ጋር እነዚህ ግኝቶች ይስማማሉ። የኢቅባልን ትምህርት «ራስህን ውደድ» ከሚሉት የዛሬ ስብከቶች ጋር ማዛመድ ግን ስሕተት ነው። ሰው ስለ ራሱ ጥሩ እንዲሰማው ማድረግ የእርሱ ጉዳይ አልነበረም።

ሁለተኛው መገናኛ ውጥረት ነው። በ1920 ሬይኖልድ ኒኮልሰን የኢቅባልን ግጥም ወደ እንግሊዝኛ ሲመልስ፣ ኢቅባል በላከለት ማብራሪያ ማንነት የውጥረት ሁኔታ መሆኑን፣ ውጥረቱ ሲላላ ማንነት እንደሚደክም፣ በጎና ክፉም በዚህ ሊለዩ እንደሚገባ ገለጸ። በዚያው ዓመት ፍሮይድ ባሳተመው መጽሐፍ አእምሮ በተቃራኒው ውጥረትን ወደ መቀነስ እንደሚያዘነብል ጻፈ። በጊዜው ብዙ ሰሚ ያገኘው ፍሮይድ ነው። ከናዚ ማጎሪያ የተረፈው ቪክቶር ፍራንክል ግን ጤናማ ሰው የሚያስፈልገው ከጭንቀት ሁሉ ማረፍ ሳይሆን የሚገባ ዓላማ ይዞ መጣር ነው ብሎ አስተማረ። እዚህ ላይ ኢቅባል ከማስሎና ከሮጀርስ ይልቅ ለፍራንክል ይቀርባል። ሮጀርስ ሰው ጭምብሉን ሲያወልቅ ከሥር እውነተኛ ማንነቱን ያገኛል ይላል፤ ማስሎም በ1943 ባቀረበው የፍላጎቶች እርከን ጫፍ ላይ በውስጥ ያለውን አቅም መፈጸምን ያስቀምጣል። በኢቅባል ዘንድ ከጭምብሉ ሥር የሚጠብቅ ማንነት የለም፤ ከሰሉ ውስጥ የተደበቀ አልማዝ የለም፤ የሚጠነክረው ራሱ ከሰሉ ነው።

አንድ ተቃውሞ እዚህ ይነሣል። እንዲህ ያለ ጠንካራ እኔነት የምዕራባውያን ግለኝነት ነው፤ ቤተሰብና ጎረቤት የሰው ማንነት አካል በሆኑበት ምሥራቅ ቦታ የለውም የሚል። በ1991 ሄዘል ማርከስና ሺኖቡ ኪታያማ ከሌላው ተነጥሎ የሚታይ እኔነትና ከሌላው ጋር ተሳስሮ የሚታይ እኔነት በባህል እንደሚለያዩ ሲጽፉ ለተቃውሞው ሳይንሳዊ ድጋፍ የሰጡ ይመስላሉ። ይሁን እንጂ ኢቅባል በ1918 ሁለተኛ ግጥም አሳትሞ የመጀመሪያውን አሟልቷል። በዚህኛው ግለሰብ ያለ ማኅበረሰብ ዓላማም ሥርዓትም አያገኝም፤ ማኅበረሰቡም ያለ ጠንካራ ግለሰቦች መንጋ ብቻ ነው። ሁለቱ መጻሕፍት አብረው ካልተነበቡ የኢቅባል ሐሳብ ግማሹ ይቀራል። ከዘመናችን ጽንሰ ሐሳቦች ለዚህ የሚቀርበው የኤድዋርድ ዴሲና የሪቻርድ ራያን ነው፤ ሰው በራሱ ፈቃድ መሥራት፣ ሥራውን መቻልና ከሌሎች ጋር መቆራኘት በአንድነት ያስፈልጉታል ይላሉ። ራስን መቻልና መተሳሰር ጠላቶች አይደሉም።

መለያየቱ ደግሞ በሁለት በኩል ነው። በአንደኛው በኩል የሚጎድለው ኢቅባል ነው። በ1918ቱ መጽሐፍ ሕፃን «እኔ» ማለትን ቀስ በቀስ እንደሚማር ያነሣል፤ ግን የሚያነሣው ለሕዝብ እድገት ምሳሌ እንዲሆነው ነው። ኤሪክሰን በ1950፣ ቦውልቢ በ1969 ያሳዩት፣ በጨቅላነት የተገኘ ወይም የታጣ እንክብካቤ የኋላውን ማንነት እንደሚቀርጽ፣ በቅኔው ውስጥ ክብደት አላገኘም። ፈቃድን የሚያሽመደምድ ሕመምም እንዲሁ። በድባቴ የተያዘ ሰው እኔነቱን ያላላው ስለ ለመነ ወይም ዓላማ ስለ ናቀ አይደለም፤ እንዲህ ላለው ሰው «ጠንክር» ማለት ሸክም መጨመር ነው። ስነ ልቦና ሌላም ብልጫ አለው፤ ራሱን ይፈትሻል። የራስ መግዣ ኃይል በሥራ ብዛት የሚያልቅ ነገር ነው የሚለው የ1998 የባውማይስተር ሐሳብ ብዙ ተከታይ ነበረው፤ በ2016 ሃያ ሦስት ቤተ ሙከራዎች ከ2000 በሚበልጡ ተሳታፊዎች ላይ ሲደግሙት ግን ውጤቱ ከዜሮ ብዙም አልራቀም። ባለቅኔ ስንኙን እንዲህ ያለ ፈተና ላይ አያስቀምጥም። ለዚህ ነው ቅኔን ከሳይንስ ጋር ማወዳደር አይገባም የሚሉት ሰዎች ከፊል እውነት የያዙት። ከፊል ያልኩት፣ ኢቅባል በ1930 ያቀረበው በስድ ንባብ የተጻፈ ሙግት በመሆኑና እንደ ማንኛውም ሙግት ሊመዘን ስለሚችል ነው።

በሌላው በኩል የሚጎድለው ስነ ልቦና ነው። ጽናት እንዴት እንደሚገኝ ሊነግረን ይችላል፤ በምን ላይ መጽናት እንደሚገባ ግን በመለኪያው አይነግረንም። አንድ አጭበርባሪ በሥራው ላይ ያለው የችሎታ እምነት በባንዱራ መንገድ ቢለካ ከፍተኛ ሊሆን ይችላል። ኢቅባል ለዚህ መልስ አለው፤ ጠንካራው እኔነት የፈጣሪ እንደራሴ ነውና የሚጠየቅበት አለ፤ ከሞት በኋላ መኖርን እንኳ የሚያገኘው እንደ ርስት ሳይሆን በትጋት ነው። እምነቱን የማይጋራ አንባቢም ቢሆን ጥያቄውን ሊሸሸው አይችልም፤ መለኪያ የሌለው ብርታት አደገኛ ነው።

አደጋው በኢቅባል በራሱ ላይ ታይቷል፤ ታሪኩም የእኛን አገር ይነካል። የመጀመሪያዎቹ የእንግሊዝ ሐያሲያን ግጥሙ የጀርመናዊውን ፈላስፋ የኒቸን ኃይል አምላኪነትና ጦረኝነት ያስተጋባል ብለው ነበር፤ እርሱም በ1921 ለኒኮልሰን በጻፈው ደብዳቤ ክሱን አስተባበለ። ነገር ግን በ1931 ሮም ላይ ሙሶሊኒን አገኘው፤ በ1935 መጀመሪያ በታተመው የግጥም መድበሉም ኢጣሊያን የቀሰቀሰ ሰው ብሎ አደነቀው። በዚያው ዓመት ነሐሴ፣ ወረራው ከመጀመሩ ከሁለት ወር ባነሰ ጊዜ በፊት፣ «አቢሲንያ» የተባለውን ግጥም ጽፎ በኢትዮጵያ ላይ ያሰፈሰፉትን የአውሮፓ ኃያላን ወቀሰ፤ በ1936 በወጣው መድበሉም ሙሶሊኒን ራሱን አናግሮ የቅኝ ገዢዎቹን ግብዝነት አጋለጠ። ለውጡ ያስመሰግነዋል። ሆኖም ሐሳቡ በተግባር የት ላይ እንደሚሳሳ ያሳያል፤ ብርታትን ማድነቅ ቀላል ነው፤ ብርታቱ የፍትሕ ይሁን የዘረፋ መለየት የተቻለው መድፉ ወደ ደካማው ሲዞር ነው።

እንግዲህ ፍርዱ ይህ ነው። ኢቅባል የዘመናችንን ስነ ልቦና አልተነበየም፤ ስነ ልቦናም የኢቅባልን ትምህርት አላረጋገጠለትም። ሰው በሥራ፣ በዓላማና ከሌሎች ጋር በመተሳሰር ራሱን ይገነባል በሚለው ይገናኛሉ፤ ይህም ከሁለት የተለያዩ ምስክሮች የመጣ ስለሆነ ሚዛን የሚደፋ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን አንዱ ከሌላው መበደር ይኖርበታል። ወጣቱን «ጠንክር» የሚል ሰባኪም ሆነ መምህር፣ የደከመው ሰው ለምን እንደ ደከመ አስቀድሞ ከስነ ልቦና ይማር፤ ጽናትን የሚያሠለጥን ባለሙያም ሠልጣኙ የሚጸናው ለምን እንደሆነ ለመጠየቅ አይፈር።